ደንዳና የአማርኛ ፊደል ለፖስተርና ለማሸጊያ እንዴት እንደሚሠራ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ለሚገኝ አንድ ባልትና ቤት ፖስተር በሠራሁበት ጊዜ፣ ኮምፒውተሬ ላይ የነበረውን ቀጭን ፎንት ዙሪያውን በወፍራም መስመር አደለብኩትና ለማተሚያ ላክሁት፤ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን የ«ቤ» ቀለበት ተደፍኖ ከመንገዱ ማዶ «ባልትና ቢት» ተብሎ ይነበብ ነበር። ጥፋቱ የራሴ ነው። ደንዳና ፊደል ቀጭኑን በማደለብ አይገኝም፤ በመካከሉ የሚቀረው ነጭ ቦታ አስቀድሞ ተለክቶ ይሳላል።

ለመጀመር ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተርና እርሳስ ይበቃል። የፊደሉን ቁመት 10 ካሬ፣ የቋሚውን እግር ውፍረት 3 ካሬ፣ የአግዳሚውን 2 ካሬ ያድርጉ። በብራና ላይ በመቃ ብርዕ የተጻፈ የግእዝ ጽሑፍ ያየ ሰው እንደሚያስታውሰው፣ ፊደላችን ቋሚው ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ሆኖ የኖረ ነው፤ ሁለቱን እኩል ካደረጓቸው አናቱ የከበደ ይመስላል።

መጀመሪያ «በ»ን ይሳሉ፤ 3 ካሬ እግር፣ 2 ካሬ ነጭ፣ 3 ካሬ እግር፣ በድምሩ 8 ካሬ ስፋት ይሆናል። ለ«ባ» የግራውን እግር ሙሉ 3 ካሬ ያሳጥሩ፣ ምክንያቱም 1 ካሬ ብቻ ያጠረ እግር የኅትመት ስህተት እንጂ ራብዕ አይመስልም፤ ለ«ቦ» ደግሞ ቀኙን ያሳጥሩ። ትልቁ ፈተና «ቤ» ነው። በቀኝ እግሩ ግርጌ ያለው ቀለበት መስመሩ ወደ 1 ካሬ ቀጥኖ፣ ውስጡ ቢያንስ 1 ካሬ ተኩል ነጭ እንዲቀረው ያድርጉ፤ ቀለበቱ ከእግሩ ቢቀጥንም ዓይን ይቀበለዋል፣ የተደፈነውን ግን አያነበውም። ባለ ሦስት እግሩ «ጠ» በዚህ ልክ ከተሠራ 13 ካሬ ስለሚወስድ፣ እግሮቹን ወደ 2 ካሬ ተኩል ዝቅ ማድረግ ይሻላል። የ«ሸ» እና የ«ቸ» የአናት ሰረዝም ከአካላቸው በግልጽ ወጣ ማለት አለበት፤ አለዚያ «ሰ» እና «ተ» ይሆናሉ።

ለአንድ ፖስተር የሚያስፈልጉትን ፊደላት ብቻ መሳል በቂ ነው። ሙሉ ፎንት ከተፈለገ 33ቱን ፊደላት በ7 ቤት፣ ማለትም 231 ቅርጽ፣ ስካን አድርጎ ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ጠርዙን ተከትሎ መሳል፣ ከዚያም ፎንትፎርጅ ወደተባለው የፎንት መሥሪያ ፕሮግራም ማስገባት ይቻላል፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ። የግእዝ ፊደል ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በቁጥር በሚለዩበት ሥርዓት፣ ስለተካተተ እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱ ቦታ አለው።

ለማሸጊያ የታሰበውን ፊደል ቁመቱ ወደ 1 ሴንቲሜትር እንዲወርድ አሳንሰው ያትሙና ፎቶኮፒ ያስነሡት፤ የኮፒውንም ኮፒ ያስነሡ። ከኮምቦልቻ እንደሚወጣው የዱቄት ጆንያ ባለ ሽምን ፕላስቲክ ላይ ቀለም ወደ ጎን ስለሚሰፋ፣ ለጆንያ የሚሆነውን ነጭ በግማሽ ካሬ ይጨምሩ። ፖስተሩን ደግሞ ሰቅለው ከመንገዱ ማዶ ይመልከቱት፤ በክረምት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን ቢሆን ይመረጣል። በኮፒውም ሆነ በፖስተሩ ላይ የ«ቤ» ቀለበት ካልታየ ወደ ካሬ ደብተሩ ይመለሱ።