ከፊት ያለው ጅብራም ከኋላ ያለው ተራራም ጥርት እንዲል

ሰሜን ተራሮች ውስጥ እሜት ጎጎ ላይ ያነሳሁት አንድ ፎቶ አለ። ከፊት ለፊቴ፣ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ፣ አንድ ጅብራ ቆሟል። ከጀርባው መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ ከገደሉ ወዲያ ደግሞ ሸንተረር በሸንተረር ላይ እየተደራረበ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ይሄዳል። በካሜራዋ ትንሽ ስክሪን ሳየው በጣም ደስ አለኝ። ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ 100 ፐርሰንት አጉልቼ ስከፍተው ግን የጅብራው ቅጠል አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ተራሮቹ ደብዝዘዋል። 24 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ኤፍ 8 (የአፐርቸሩ፣ የሌንሱ ቀዳዳ፣ መጠን ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፣ ትራይፖድ፣ ፎከሱም የፎከስ ርቀት ሰንጠረዡ ባለው ቦታ ላይ። ሁሉንም በደንቡ ነው የሠራሁት።

ደንቡ የሚለው እንዲህ ነው። ለእያንዳንዱ ሌንስና አፐርቸር ሃይፐርፎካል የሚባል ርቀት አለ። እዚያ ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ ከርቀቱ ግማሽ ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ ሁሉም ጥርት ይላል። ለ24 ሚሊሜትር በኤፍ 8 ርቀቱ 2.4 ሜትር ነው። ስለዚህ ከ1.2 ሜትር ጀምሮ ያለው ሁሉ ጥርት ይላል ይባላል።

ጥያቄው ግን «ጥርት ያለ» ስንል ምን ማለታችን ነው የሚለው ነው። የተለመዱት ሰንጠረዦች ለፉል ፍሬም፣ ማለትም ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል ለሆነ ካሜራ ሲሰሉ፣ አንድ ነጥብ ብርሃኑን በሚቀበለው ሴንሰር ላይ 0.03 ሚሊሜትር እስኪሰፋ ድረስ ጥርት ያለ ነው ብለው ይቆጥሩታል። ይህ መለኪያ 20 በ25 ሴንቲሜትር ያህል ታትሞ በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ ይበቃል። 45 ሜጋፒክስል ባለው ፉል ፍሬም ሴንሰር ላይ ግን አንዷ ፒክስል 0.0043 ሚሊሜትር ገደማ ናት። ያ 0.03 እንግዲህ ወደ 7 ፒክስል ይተኛል ማለት ነው። ሃይፐርፎካል ላይ ፎከስ ሲደረግ ደግሞ አድማሱ የሚቀመጠው በትክክል እዚያ የመጨረሻው ጠርዝ ላይ ነው። የእኔ ተራሮች የደበዘዙት ለዚህ ነው። ፎቶው ስልክ ላይ ቢታይ ማንም አያውቅበትም፤ አንድ ሜትር አድርጋችሁ አሳትማችሁ ግድግዳ ላይ ስትሰቅሉት ግን ይታወቃል።

ሰንጠረዡን መጣል አያስፈልግም፣ ጠበቅ ማድረግ ነው። እኔ መለኪያውን በግማሽ፣ ወደ 0.015 አወርደዋለሁ። ለዚህ ካልኩሌተር አያስፈልግም፦ በኤፍ 11 እያነሳችሁ የኤፍ 5.6ን መስመር አንብቡ። ለ24 ሚሊሜትር ያ መስመር 3.4 ሜትር ገደማ ይላችኋል፤ ከ1.7 ሜትር ጀምሮ እስከ አድማስ ድረስ የእውነት ጥርት ያለ ነገር ታገኛላችሁ። በአብዛኛው የመልክዓ ምድር ፎቶ ይህ ብቻውን ሥራውን ይጨርሳል።

«ታዲያ ኤፍ 22 አድርጌ ለምን አልገላገልም?» የሚል ብዙ ነው። አይሆንም። ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ይበተናል፣ ዲፍራክሽን የሚባለው ነው። ሌንሱ የፈለገውን ያህል ውድ ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ፎከሱ ልክ የሆነበት ነጥብ እንኳ በኤፍ 8 ወደ 0.011 ሚሊሜትር ይሰፋል፣ በኤፍ 11 0.015፣ በኤፍ 16 0.021፣ በኤፍ 22 ደግሞ 0.03። ቁጥሩን ልብ በሉት፦ ቅድም የሸሸነው ያ 0.03 ነው፣ አሁን ግን ፎቶውን በሙሉ ያዳርሰዋል። ስለዚህ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 ባለው ውስጥ ቆዩ። ግድ ከሆነ ኤፍ 13። ኤፍ 16ን እኔ የምነካው ነፋስ ኋላ የምነግራችሁን ፍሬም መደርደር ሲከለክለኝ ብቻ ነው።

ሌላው የምወደው መንገድ ፎከሱን ሩቁ ተራራ ላይ ማድረግ ነው። ካናዳዊው ሃሮልድ መርክሊንገር ያስረዳው ስሌት ቀላል ነው፦ ፎከሱ አድማስ ላይ ከሆነ፣ ከፊት ያለ ነገር የሚደበዝዘው በአፐርቸሩ ቀዳዳ ስፋት ያህል ነው፣ ቢርቅም ቢቀርብም። 24ን ለ8 ስታካፍሉት 3 ሚሊሜትር ይመጣል። ስለዚህ የጅብራው ቅጠል በደንብ ይለያል፣ የቅጠሉ ደቃቅ መስመሮች ግን ይጠፋሉ። ከፊት ያለው ትልልቅ ድንጋይ ከሆነ ይህ ከበቂ በላይ ነው። የፎቶው ልብ ተራራው ሲሆን ተራራውን አትሠዉት።

ፎከስ ስታደርጉ ለአውቶፎከስ አትተዉት። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጋችሁ፣ ወደ ማንዋል ቀይራችሁ፣ በላይቭ ቪው፣ ማለትም በካሜራው ስክሪን ላይ፣ አጉሉና ጠርዙ ከሰማይ ጋር የሚለይ ሸንተረር ፈልጉ። ቀለበቱን እስከ መጨረሻው አዙሮ «አድማስ ነው» ማለት ስህተት ነው፤ ብዙ ሌንሶች ከአድማስ ትንሽ ያልፋሉ። ቀስ እያላችሁ ጠርዙ ጥርት እስኪል አምጡት። ካሜራችሁ ላይቭ ቪውን አፐርቸሩን ከፍቶ የሚያሳይ ከሆነ አፐርቸሩን ወደ መረጣችሁት መጠን የሚያጠበውን የዴፕዝ ኦፍ ፊልድ ማያ ቁልፍ ተጫኑ፣ ካልሆነ የምታዩት ሌላ፣ የምታነሱት ሌላ ይሆናል።

ጅብራው አንድ ሜትር ላይ ቢሆንስ? ያኔ አንድ ፍሬም አይበቃም፣ መደርደር ነው፦ ፎከሳቸው የተለያየ ፍሬሞች አንስቶ በኋላ በሶፍትዌር አንድ ማድረግ። ለ24 ሚሊሜትር በኤፍ 8 ሦስት ወይም አራት ፍሬም አነሳለሁ፦ አንዱ ቅርቡ ቅጠል ላይ፣ አንዱ ወይም ሁለቱ መሃል ላይ፣ የመጨረሻው ሩቁ ተራራ ላይ። ሻተሩም (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ)፣ አይ ኤስ ኦውም (ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ዋይት ባላንሱም (የቀለም ሚዛኑ) በማንዋል ይታሰሩ፤ ደመና ብርሃኑን ሳይቀይረው ቶሎ ቶሎ አንሱ። ጅብራው ራሱ ጠንካራ ነው፣ ሥሩ ያለው የጓሳ ሣር ግን በትንሽ ነፋስ ይወዛወዛል። የቅርቡን ፍሬም ነፋሱ ጋብ ሲል ጠብቃችሁ አንሱት። ፎከሱ ሲቀየር ፍሬሙ ትንሽ ስለሚጠብና ስለሚሰፋ ዳር ዳሩን ክፍት ተዉለት፣ ፎቶሾፕ ሲያገጣጥመው ይቆርጠዋል።

አንድ ነገር ግን ሶፍትዌር አይፈታላችሁም። ሩቁ ላይ ፎከስ ስታደርጉ የደበዘዘው ጅብራ ይወፍርና ዙሪያውን ያለውን ተራራ ይሸፍናል። ቅርቡ ላይ ስታደርጉ ደግሞ ተራራው ራሱ ደብዝዟል። ስለዚህ በጅብራው ዙሪያ ተራራው በየትኛውም ፍሬም ጥርት ያላለበት ቀጭን ቀለበት ይቀራል። ብዙ የተደረደረ ፎቶ ላይ የምታዩት ያ የሚያስጠላ ጭጋግ መሳይ ጠርዝ እሱ ነው። መድኃኒቱ እዚያው ቦታው ላይ ነው፦ ዝቅ በሉና የጅብራው ጫፍ ሰማይ ላይ እንዲያርፍ አድርጉ። ሰማይ ቢደበዝዝ አይታወቅም። ዝቅ ማለት ካልተቻለ ኤፍ 11 ተጠቀሙ፣ ቀለበቱ ይቀጥናል።

ደግሞ የደበዘዘ ሁሉ የፎከስ ጥፋት አይደለም። ፀሐይ ስትበረታ ከቆላው የሚነሳው ሙቀት አየሩን ያርገበግበዋል፣ ያን ጊዜ የትኛውም ሌንስ ሩቁን ተራራ አያጠራውም። ጠዋት በማለዳ ሂዱ። ሻተሩን በ2 ሴኮንድ ታይመር አስነሱት። የትራይፖዱን መሃል ዘንግ ወደ ላይ አትሳቡት። ቦርሳችሁን አንጠልጥሉበት፣ ግን ነፋስ እንዳያወዛውዘው ታች መሬት ያስነካ።

ትራይፖዱን ከማጠፋችሁ በፊት የመጨረሻውን ፍሬም ክፈቱና እስከ ጥግ አጉሉት። ቅርቡን ቅጠል እዩ፣ ሩቁን ሸንተረር እዩ፣ ከዚያ አራቱን ማዕዘኖች። ሸንተረሩ ለስለስ ካለባችሁ ቀለበቱን ለጥቂት ወደ ሩቅ ገፋ አድርጋችሁ ድገሙት፣ ብርሃኑ ገና አለ።