ንፍፊትን በዕፅዋት ሲያክሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ንፍፊት በራሱ በሽታ አይደለም። በሰውነታችን ውስጥ ከሚገኙት ወደ 600 የሚጠጉ የሊምፍ ዕጢዎች አንዱ ወይም ብዙዎቹ፣ አብዛኛውን ጊዜ ተሕዋስያንን ሲዋጉ የሚያሳዩት እብጠት ነው። ስለዚህ ቀዳሚው ስህተት መንስኤውን ሳይጠይቁ እብጠቱን ብቻ ማከም ነው፤ የጥርስ መግል ያስከተለውን ንፍፊት፣ በአዮዲን እጥረት የሚመጣውን እንቅርትና የምራቅ ዕጢን የሚያሳብጠውን ጆሮ ደግፍ አንድ ቅጠል ሊፈውሳቸው አይችልም።

ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት እጅግ የተስፋፋው ስህተት፣ የቤተ ሙከራን ውጤት በሰው ላይ እንደተረጋገጠ ፈውስ መቁጠር ነው። ነጭ ሽንኩርት ሲደቆስ የሚፈጠረው አሊሲን በቤተ ሙከራ ባክቴሪያን መግደሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ሽንኩርቱ ሲበላ ያንኑ ያህል አሊሲን አንገት ውስጥ ካለ ዕጢ ይደርሳል ማለት አይደለም። በእርድ ውስጥ ያለው ኩርኩሚንም ብግነትን የመቀነስ ባሕርይ ቢታይበትም፣ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጥናት የቁንዶ በርበሬው ፒፔሪን ይህን መጠን በሰዎች ላይ በ2000 በመቶ እንዳሳደገው አሳይቷል፤ የለካው ግን በደም ውስጥ ያለውን ኩርኩሚን እንጂ የንፍፊትን መጉደል አልነበረም።

የተደቆሰ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት እብጠቱ ላይ ማሰርም ቆዳን እንደ እሳት ሊያቃጥል ይችላል፤ የሕፃናት ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ይጎዳል። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ሕመሙን ያስታግሣል (ቅጠል ተቀቅሎ ሲታሰር የሚሰማው እፎይታም ምናልባት የሙቀቱ ሥራ ነው)።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ነጭ ሽንኩርትን ወይም እርድን በብዛት ከመውሰዱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላ ሕፃን ደግሞ ማር የተቀላቀለበት ማንኛውም ነገር አይሰጥም።

በጉንፋን ወይም በጉሮሮ ሕመም የመጣ ንፍፊት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ፣ በዚያው ሰሞን የተጠጣው ዕፅ ምስጋናውን ይወስዳል። ይህ እምነት የሚጎዳው በሚቀጥለው ጊዜ ነው፤ የዕጢ ነቀርሳ (የሊምፍ ዕጢን የሚያጠቃው ቲቢ) ወይም ካንሰር ያመጣው ንፍፊት እያደገ ሳለ በሽተኛው ያንኑ ዕፅ ደጋግሞ እየጠጣ ይቆያል። የዕጢ ነቀርሳ ቢያንስ ስድስት ወር የሚወሰድ መድኃኒት የሚሻ ሲሆን፣ እብጠቱን መብጣት ፈሳሹ የማይደርቅ ቁስል ሊያስከትል ይችላል። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያልጎደለ፣ የጠነከረና የማይንቀሳቀስ፣ ወይም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ንፍፊት በሐኪም ይታይ፤ በአንገትና በትከሻ መካከል ባለው ጎድጓዳ ስፍራ የወጣው ግን ይህን ያህል እንኳ አይጠበቅም።