የእሾህ አክሊል ቅጠሉን ሲያራግፍ፦ ችግርና መፍትሄ

የእሾህ አክሊል የማዳጋስካር ደሴት ተክል ነው። የእኛዎቹ የቁልቋልና የቅንጭብ ዘመድ ነው። ድንጋያማ ቦታ ይስማማዋል፣ ድርቅ አያስደነግጠውም። ጥጋብ ነው የሚገድለው።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ረገፈ

ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራኝ ለዚህ ነው። መጀመሪያ ግንዱን ከአፈሩ አጠገብ በጣት ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፤ በበጋ ውሃ ሲያጥረው ቅጠል መጣል ልማዱ ነው። እንደተቀቀለ ድንች ከሰረገደ ግን ሥሩ በስብሷል። የበሰበሰ ሥር ውሃ ስለማይስብ ተክሉ የተጠማ ይመስላል። ባለቤቱም አዝኖ ይጨምርለታል!

ሐምሌ ላይ አንዲት ጎረቤቴ ጠሩኝ። «በየቀኑ አጠጣዋለሁ እኮ ልጄ» አሉ። እትዬ፣ ዝናቡስ? የፕላስቲክ ማስቀመጫውን ገልብጬ አየሁት። ከሥሩ ሦስት ክብ ምልክት አለ፤ አንዱም አልተበሳም። ቀዳዳውን ገዢው ይብሳው ብለው ነው መሰለኝ የሚሸጡት። አፈሩ ገና ሳልነካው ሸተተኝ። ማስቀመጫውን በጋለ ሚስማር በሳሁት፤ ግንዱ ግን አልተረፈም።

ያተረፍነው ጫፎቹን ነው። ጤነኛ ቅርንጫፍ፣ ጣት የሚያህል፣ በስለታም ቢላ ቁረጡ። ቁራጩ ውስጥ ቡናማ ነገር ከታየ ከፍ ብላችሁ ድገሙ። ከቁራጩ የሚወጣውን ነጭ ወተት (መርዝ ነው፤ ሳትቆርጡ ከታች ያለውን አንብቡ) በውሃ እጠቡት። ከዚያ ጥላ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ቀን ይድረቅ። እርጥቡን በዚያው ቀን የሚተክል ሰው ያንኑ ብስባሽ እንደገና ያገኛል። አፈሩ እኩል በእኩል ከደቃቅ ቀይ አሽ ጋር ይቀላቀል። ችግኝ ሻጮች ፕላስቲክ ውስጥ የሚያጭቁት መረሬ አይሆንም፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው። ከተከላችሁ በኋላ አፈሩ ሳይደርቅ አታጠጡ። ክረምት ላይ ከጣራ ሥር አስገቡት።

ስለ ወተቱ

መርዝ ነው። የቅንጭብን ወተት የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። ጓንት አድርጉ። በቆረጣችሁበት እጅ ዓይን አትንኩ። ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያፈሰሳችሁ እጠቡና ሐኪም ቤት ሂዱ። ልጆችን አርቁ። ጓንቱንም ሳታጥቡ ኪስ ውስጥ አትክተቱ፤ እኔ ከትቼ ማታ ዓይኔን አሽቻለሁ።

አያብብም

ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ ወዳለበት አውጡት። ቅጠሉ ለምልሞ አበባ ከጠፋ ደግሞ ፍግ አብዝታችኋል።

ጥጥ መሰል ነጭ ነገር ቅርንጫፉ ላይ

ተባይ ነው። አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት፣ በየሳምንቱ ደጋግሙ።

በኅዳር ሌሊት ቅጠሉ ቀላ

ብርድ ነው። ፀሐይ ወደሚያገኘው ግድግዳ አስጠጉት።