ጓጉንቸር፣ ሲባጎና ሞላ፦ ስበትን ቤት ውስጥ መለካት

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ፍኖተ ሰላም፣ ለፊዚክስ ፈተና የምትዘጋጁ ከሆነ የሲምፕል ሃርሞኒክ ሞሽንን (ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ውዝዋዜን) ቀመር ከመሸምደዳችሁ በፊት አንድ ጓጉንቸር በክር አንጠልጥሉ፤ ፔንዱለም ማለት ይኸው ነው። እውነቴን ነው። ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ሜትርና የስልክ ሰዓት ካላችሁ ይበቃል።

ክሩ ሲባጎ ቢሆን ጥሩ ነው። ከበሩ መቃን ላይ ሚስማር ምቱና አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ቋጠሮው ሚስማሩ ላይ የሚንሸራተት ከሆነ ርዝመቱ በየውዝዋዜው ይቀያየርባችኋል። ርዝመቱን የምትለኩት ጓጉንቸሩ ከተንጠለጠለ በኋላ ነው፣ ክር ይለጠጣላ። ልኬቱ ከሚስማሩ እስከ ጓጉንቸሩ መሃል ነው፣ እስከ ክሩ ጫፍ አይደለም። ብዙ ተማሪ ውጤቱ የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው። ልክ 1 ሜትር አድርጉት።

አሁን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ሳቡትና ሳትገፉ ልቀቁት። አብዝታችሁ አትሳቡት። ኋላ የምንጠቀምበት ቀመር የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ ነው፤ 30 ዲግሪ ከሳባችሁት ጊዜው 1.7 ከመቶ ያህል ይረዝማል።

ወዲያው መቁጠር አትጀምሩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዝ፣ ከዚያ በመሃል፣ ማለትም በዝቅተኛው ቦታ ሲያልፍ ሰዓቱን ጫን አድርጋችሁ «ዜሮ» በሉ። «አንድ» አይደለም፣ «ዜሮ»! ጫፍ ላይ ሲደርስ ዘግየት ስለሚል መቼ እንደዞረ ዓይን በትክክል አይለየውም፣ መሃል ላይ ግን ሽው ብሎ ስለሚያልፍ ቅጽበቷ ግልጽ ናት። ሄዶ ተመልሶ እንደገና በዚያው አቅጣጫ መሃሉን ሲያልፍ አንድ ትላላችሁ። እስከ 20 ቁጠሩ።

40.2 ሰከንድ አካባቢ ማግኘት አለባችሁ። ለ20 ስታካፍሉት አንዱ ውዝዋዜ 2.01 ሰከንድ ይሆናል። ስበቱን ለማግኘት 39.48ን (4 × π × π ነው) በሜትር በተለካው ርዝመት አባዙና ጊዜው በራሱ ተባዝቶ ለሚሰጠው ቁጥር አካፍሉ፦ 39.48 ÷ 4.04 = 9.77። ከ9.7 እስከ 9.9 ያለ ውጤት ካገኛችሁ በርቱ፣ ጥሩ ለክታችኋል።

ግን መጽሐፍ ላይ ያለው 9.81 የት ሄደ? እሱ እንደ ፓሪስ ላሉ ከተሞች ነው። ጎጃም ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፣ ከዚያም በላይ ከፍታ አለው፤ ሁለቱም ስበትን ስለሚቀንሱ የኛ ወደ 9.78 ይጠጋል። በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ከፓሪስ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደሆነችው የደቡብ አሜሪካ ከተማ ካየን ሲሄድ ሰዓቱ በቀን 2 ደቂቃ ተኩል ያህል ወደኋላ ቀረበት፣ ፔንዱለሙንም ማሳጠር ነበረበት። እዚህ ቢያመጣውም ያው ነበር የሚገጥመው።

አሁን ሌላ ጓጉንቸር ጨምሩበት፣ መሃሉ ግን ከቦታው እንዳይለወጥ። ጊዜው አይለወጥም። ክሩን 25 ሴንቲ ሜትር አድርጉት፣ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ሩብ ርዝመት፣ ግማሽ ጊዜ።

ወደ ሞላው እንሂድ። ባጃጅ የሚጠግኑ ጋራዦች ጋ የተጣለ ቀጭን ሞላ ይገኛል። በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ አንጠልጥሉበት፤ የማይለጠጥ ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ሃይላንዱ አፉ ድረስ ይሞላ፣ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሲናጥ ውዝዋዜውን ያበላሻል። ክብደቱን ሱቅ ሚዛን ላይ አስመዝኑ። 500 ግራም ሆኖ ሞላውን 10 ሴንቲ ሜትር ከለጠጠው፣ የሞላው ጥንካሬ 0.5 × 9.78 ÷ 0.1፣ ማለትም 49 ኒውተን በሜትር ገደማ ነው። ትንሽ ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት፣ 20 ውዝዋዜ 12.7 ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ከዚህ ትንሽ ከበለጠ ሞላው ራሱ ክብደት ስላለው ነው፤ የክብደቱን ሲሶ በሃይላንዱ ላይ ደምሩት።

እዚህ ላይ ክብደት ከጨመራችሁ ጊዜው ይረዝማል። ፔንዱለሙ ላይ ያልሆነው ለምንድን ነው? ፔንዱለሙን የሚመልሰው ስበት ነው፣ ስበት ደግሞ ከባዱን በክብደቱ ልክ የበለጠ ይስባል። ሞላው ግን የሚመልሰው በተለጠጠው ልክ ብቻ ነው፣ ምን እንደተንጠለጠለበት ግድ የለውም። ስለዚህ ሁለቱንም ይዛችሁ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ብትወርዱ፣ ከፍታው ሲቀንስ ስበቱ ትንሽ ስለሚጨምር የፔንዱለሙ ሰዓት በቀን በጥቂት ሰከንዶች ይቀድማል፣ ሞላው ግን ያው ነው። ፈተና ላይ «ጨረቃ ላይ ቢወሰዱስ?» ብለው ሲጠይቋችሁም መልሱ በዚሁ መንገድ ይመጣል፦ ፔንዱለሙ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ይዘገያል፣ የሞላው ጊዜ አይነካም።