ለታሪክ ፈተና ሲሸመድዱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የታሪክ መጽሐፉን ሦስቴ የዘለቀ ተማሪ ፈተና ላይ ይቀመጣል፤ ከአራቱ ምርጫዎች ሁለቱን ወዲያው ይሰርዛል፤ በቀሩት ሁለቱ መካከል ግን ይዋልላል። ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ጉር አምባንም አይሻልንም አንብቧል፤ የጠፋበት የቱ ውጊያ ከማን ጋር እንደተደረገ ነው። ከታች ያሉት ስህተቶች በሙሉ ወደዚህ መዋለል የሚያደርሱ ናቸው። ብዙ ማርክ የሚያስጥሉትን አስቀድመናል።

ማንበብን እንደ ማጥናት መቁጠር

አንድ ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነበብ ዓይን ይለምደዋል፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ቀሪው ይታወቃል። ይኼ መልመድ “ይዤዋለሁ” ያሰኛል። ችግሩ ፈተናው መጽሐፉን ገልጦ አለመጠየቁ ነው። ገጹን በማርከር ቢጫ ማልበስም ከዚህ አይሻልም፤ ሁሉም መስመር ከቀለመ በኋላ ዋናውን ከተራው የሚለይ ነገር አይቀርም። ሾርት ኖት የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉን አሳጥሮ መገልበጥ ነው፤ እጅ ይሠራል እንጂ አእምሮ አይሠራም።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ንዑስ ርዕስ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ገጽ ብቻ፣ በእርጋታ አንብቡ። መጽሐፉን ክደኑና ባዶ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ አምስት ነገር ጻፉ፦ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ ምን አስከተለ። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ገልጣችሁ የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ ሙሉ። ከዚህ በኋላ የሚጠናው ቀዩ ነው። በማግስቱ መጽሐፉን ሳትገልጡ ያንኑ እንደገና ጻፉት፤ ከዚያ በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በአሥራ አምስተኛው ቀን። በመካከሉ የተወሰነ ቢረሳ አትደንግጡ፤ ለማስታወስ መታገሉ ራሱ ነው የሚያጸናው።

ጎጃም ውስጥ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የአብነት ተማሪ የቃል ትምህርቱን መምህሩ ፊት ቀርቦ ይወጣዋል፤ የሳታት ቃል እዚያው ትታረማለች፤ ነገ ደግሞ ያንኑ ይደግማል። የታሪክ ተማሪም የሚጠይቀው ሰው ያስፈልገዋል። ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ከሆነ ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ወደ ገጠር የምትሄዱበት መንገድ ከየትኛውም ጠረጴዛ ይሻላል፦ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ደብተር ሳያይ ይመልሳል፣ ሲመለሱ ተራ ይቀየራል።

ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር መደባለቅ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ዓመቶቹም እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። ቤት፣ ሬዲዮና የበዓል ንግግር ደግሞ በእኛ ይቆጥራሉ። ዓድዋ አንዱ ጋ 1896፣ ሌላው ጋ 1888 ነው። ሁለቱም ደብተር ላይ ያለ ምልክት ከሰፈሩ በወሩ የትኛው የማን እንደነበር የሚያስታውስ የለም።

“8 ቀንስ” የሚለው ደንብ ግማሹን ብቻ ነው የሚሠራው። ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ድረስ የሚቀነሰው 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ማብቂያ 8 ይሆናል። የሰገሌ ጦርነት የተደረገው በፈረንጆቹ ኦክቶበር 1916 ነው። 8 የቀነሰ 1908 ይላል፤ ትክክለኛው ግን ጥቅምት 1909 ነው። ስለዚህ ዓመት ስትይዙ ወሩንም ያዙ፤ ያለ ወር ቅነሳው አይሠራም።

ወሩ ሌላም ነገር ያተርፋል። ኢጣሊያ ወረራውን የጀመረችው በኦክቶበር 1935፣ የማይጨው ጦርነት የተደረገው በማርች 1936 ነው። በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ይመስላል፤ በእኛ ሁለቱም 1928 ነው፣ አንዱ መስከረም ሌላው መጋቢት። ከዚህ የከፋው ሚያዝያ 27 ነው። ኢጣሊያኖች አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው የገቡትም ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው። ቀኑን ብቻ የያዘ ተማሪ ሽንፈቱንና ድሉን ያቀያይራል።

የእኛ ምክር፦ ደብተራችሁ ላይ መጽሐፉ የሚጠቀምበትን አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። የእኛውን ዓመት ለአሥር ወይም ለአሥራ አምስት ታላላቅ ክስተቶች ብቻ፣ በሌላ ቀለም፣ ጎኑ ላይ አስቀምጡ። ሁሉንም በሁለት ዓይነት መያዝ ጭነቱን እጥፍ ማድረግ ነው። ክፍለ ዘመን ላይም ልብ በሉ፤ 1855 በ19ኛው ነው የሚገኘው፣ በ18ኛው አይደለም።

ዓመትን ነጥሎ መቸከል

ቁጥር ለብቻው አይያዝም። ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ እስኪሆን ያለፈበትን መንገድ እንይ። በኖቬምበር 1852 ጉር አምባ ላይ የጎጃሙን ደጃዝማች ጎሹን አሸነፈ፤ ጎሹም እዚያው ወደቁ። በአፕሪል 1853 ጎርጎራ ቢችን ላይ የየጁው ራስ አሊና የሰሜኑ ደጃዝማች ውቤ የላኩበትን ጦር ድል አደረገ። በጁን 1853 እዚሁ ጎጃም ውስጥ፣ አይሻል ላይ፣ ራስ አሊን ራሳቸውን አሸነፈ። በፌብሩዋሪ 1855 ደረስጌ ላይ ውቤን ማረከና በቀናት ውስጥ ዘውድ ጫነ። ይህን እንደ አራት ቁጥር ከያዛችሁት ይበተናል። እንደ መሰላል ብታዩት ግን አንዱ ሌላውን ይጎትታል፦ ጎሹ፣ የአሊና የውቤ ጦር፣ አሊ ራሳቸው፣ በመጨረሻ ውቤ። ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱት ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ውጊያዎች በአንድ ዓመት፣ በ1845፣ ያርፋሉ።

ከአንድ ምዕራፍ አምስት ወይም ስድስት ዓመት እንደ ምሰሶ ትከሉ፤ ሌላውን “ከዚህ በፊት፣ ከዚህ በኋላ” እያላችሁ በእነርሱ ላይ አስደግፉ። ለምሳሌ 1889 ጥሩ ምሰሶ ነው። በማርች ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ቆስለው አረፉ፤ በሜይ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር የውጫሌን ውል ተፈራረሙ። ቅደም ተከተሉን የያዘ ተማሪ ውሉን ከዮሐንስ ጋር የሚያያይዘውን ምርጫ ሳያመነታ ይሰርዛል።

ስም ላይ መዘናጋት

የጎጃም ልጅ የማይጠብቀው ወጥመድ ይህ ነው፤ ስሙ ቤተኛ ስለሆነ አይጠነቀቅበትም። “ተክለ ሃይማኖት” ሲባል አራት ሰው ሊሆን ይችላል፦ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት፤ ዘመነ መሳፍንት ሲጀምር ጎንደር የነገሡት ዐፄ ተክለ ሃይማኖት፤ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፤ የአባታቸው ስም ሆኖ የሚመጣበት ደግሞ ልጃቸው ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት። ንጉሡ ቀድሞ ራስ አዳል ነበሩ። ዐፄ ዮሐንስ በ1881 አነገሧቸው፤ በ1882 እንባቦ ላይ በምኒልክ ተማረኩ፤ በ1888 ሳር ውኃ ላይ በሱዳን ድርቡሾች ተሸነፉ፤ በ1896 ዓድዋ ዘምተዋል። ጥያቄው “ራስ አዳል” ብሎ ሲመጣ የሚደናገሩ ብዙዎች ናቸው፤ ሰውየው አንድ ነው። ካሣም እንዲሁ ነው፦ ካሣ ኃይሉ ቴዎድሮስ፣ ካሣ ምርጫ ዮሐንስ 4ኛ።

ለእንደነዚህ ያሉት ደብተር ከአራት ተጣጥፎ በተቀደደ ወረቀት ካርድ ሥሩ። በፊቱ ስሙን ብቻ፤ በጀርባው የአባት ስም፣ ማዕረግ፣ ሌላ ስም፣ ዘመን፣ አንድ ዋና ድርጊት። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ በክር እሰሯቸው። ለየብቻ ከተጠኑ ልዩነታቸው አይታይም፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው የሚለዩት።

ምክንያትን ከሰበብ አለመለየት

መምህሩ በአማርኛ ያስረዳል፣ ፈተናው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል። ተማሪው ሐሳቡን ይዞት “ኢሚዲየት ኮዝ” የምትለዋን ቃል ይዘላታል። ጥያቄው የጫረውን ክስተት ከሆነ የጠየቀው ለኢጣሊያ ወረራ መልሱ በዲሴምበር 1934 የተነሣው የወልወል ግጭት ነው፤ ሥረ ምክንያቱን ከሆነ ግን የዓድዋን ቂምና የቅኝ ግዛት ምኞትን ነው የሚፈልገው። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የሳራዬቮው ግድያ ከወልወል ጋር አንድ ረድፍ ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ ጦርነት ሁለት ዓምድ አዘጋጁ፣ አንዱ ለሥሩ፣ አንዱ ለጫሪው። ማብራሪያውን በምትናገሩበት ቋንቋ መያዝ ምንም አይደለም፤ ቁልፍ ቃላቱን ግን ፈተናው በሚጠራቸው ስም ያዙ። “ኤክሰፕት” እና “ኖት” የሚሉትን ጥያቄው ላይ አክብቧቸው፤ እያወቁ የሚሳሳቱት እዚያ ነው።

ቤት የተሰማውን ከመጽሐፉ ጋር ማምታታት

ስለ በላይ ዘለቀ ያልሰማ የጎጃም ልጅ የለም። ፉከራውና የሽማግሌ ወሬው ትልቅ ሀብት ነው፤ ዓመትና ቦታ ላይ ግን እንደ ተራኪው ይለያያል። ፈተና ላይ መጽሐፉ የያዘው ነው የሚታረመው። ቤት የሰማችሁትን ለማስታወሻ ማንጠልጠያ አድርጉት፣ መልስ አታድርጉት።

ለማንጠልጠያ ከሆነ የአገሩ ካርታ ወደር የለውም። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በጃንዋሪ 1941 በኦሜድላ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ወጡ፤ ዘመቻው በቡሬና በደምበጫ አልፎ ደብረ ማርቆስ ደረሰ፤ እርሳቸው እዚያ የገቡት በአፕሪል 6 ነው። ከቡሬ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ የተሳፈረ ተማሪ ይህን ቅደም ተከተል ለመያዝ መስኮቱን ማየት ይበቃዋል። ሌላውንም ውጊያ እንዲሁ በእጅ በተሳለ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጉበት፤ መልኩ ባያምርም ችግር የለውም።

የመጨረሻው ሌሊት

ለፈተናው ዋዜማ አዲስ ምዕራፍ አትክፈቱ። ቀይ የተጻፈባቸውን ወረቀቶችና የታሰሩትን ካርዶች ብቻ አንድ ጊዜ ዙሩና ተኙ፤ በቀን የተጠናው የሚረጋው በእንቅልፍ ነው፤ ሲቸክል ያደረ ጭንቅላት ካሣን ከካሣ አይለይም። ፈተናው በወረቀት ከሆነ ደግሞ የከበዳችሁን ጥያቄ ስትዘሉ መልስ መስጫው ላይም ያንኑ ቁጥር ዝለሉ፤ በየአሥሩ ጥያቄ የጥያቄውንና የመልሱን ቁጥር አስተያዩ። አንድ መስመር የሳተ ሰው ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ይስታል፤ የሚያስተውለውም ሊሰበሰብ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው።