ፍሬቻ ስታሳዩ ሌላው መብራት አብሮ ብልጭ ካለ

የኋላ መብራታችሁ አምፖል ተቀይሮለትም ካልተስተካከለ፣ ሌላ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት ማሳውን፣ ማለትም አምፖሉን ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኘውን የኔጌቲቭ ሽቦ እዩ። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ፍሬቻ ስታሳዩ የፓርክ መብራቱ አብሮ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፍሬን ስትይዙ አንዱ ጎን ይደበዝዛል። ማታ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ስትወጡ ከኋላ ያለው ባጃጅ የሚያየው እሱን መብራት ነውና ችላ አትበሉት።

አንድ ሜትር ያህል ሽቦ ያዙ፤ ሁለቱንም ጫፍ ላጡት። መብራቱን አብሩና አንዱን ጫፍ የአምፖሉ ቤት ማሳ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለው ንጹህ የቦዲ ብረት ላይ አስነኩ። ቦግ ካለ አምፖሉ ደህና ነው። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ማሳው የታሰረበት ቡሎን ላይ ነው። ፍቱት። በተለይ ክረምት ከርሞ ከሆነ ዝገት በዝገት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት፣ አጥብቃችሁ እሰሩት፣ ከላይ ትንሽ ግሪስ ቀቡት።

ለምን ይሠራል? ከአምፖሉ የወጣው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ የሚመለሰው በቦዲው በኩል ነው። ዝገት መንገዱን ሲዘጋበት በጎረቤት አምፖል በኩል ዞሮ ይመለሳል። ያልነካችሁት መብራት የሚበራው ለዚህ ነው።

ሽቦው ፖዘቲቩን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ፊውዝ ቶሎ ቶሎ የሚያቃጥል መኪና ላይ ደግሞ ይሄን አትሞክሩ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ሾርት ነው፤ ፖዘቲቭ ሽቦ የሆነ ቦታ ቦዲ ነክቷል ማለት ነው። ከፍ ያለ ፊውዝ ከመክተት ለኤሌክትሪሺያን አሳዩት።