የኢኮኖሚ ትንታኔ ስንሰማ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ ቀትር ሲሆን ሱቆች ይዘጋሉ፤ ከሰዓት በኋላ በየበርጫው የሚነሣው ጨዋታም ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በአብዛኛው ስለ ዶላር፣ ስለ ደመወዝና ስለ ግብር ሆኗል። ለነጋዴዎች ሂሳብ በመሥራት የምተዳደር ሰው ነኝና ይህን ጨዋታ በየዕለቱ እሰማለሁ። ሰው ስለ ኑሮው መጠየቁ ተገቢ ነው፤ የሚያሳስበኝ ግን በጥቂት የአሰማም ስህተቶች ምክንያት የምንቆጣበትንም የምንደሰትበትንም ለይተን ሳናውቅ መቅረታችን ነው።

በጣም የተስፋፋው ስህተት የዋጋ ንረት ቀነሰ ሲባል ዋጋ ቀነሰ ብሎ መስማት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ቆሜ ሳለ አንዲት እናት ሻጩን «ቀነሰ ተብሎ በሬዲዮ ተነግሯል እኮ ልጄ፤ አንተ ጋ ያልቀነሰው ለምንድን ነው?» ሲሉት ሰማሁ። እሱም «እኔ ዘንድ የመጣ ቅናሽ የለም እማማ» አላቸው። እሳቸው ሻጩን፣ ሻጩ ሬዲዮውን ጠርጥረው ተለያዩ፤ የዋሸ ግን አልነበረም። ንረት ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት እንጂ ዋጋው ራሱ አይደለም። ዓመታዊው የዋጋ ንረት በሰኔ 2015 ዓ.ም. 29.3 በመቶ፣ በሰኔ 2016 19.9 በመቶ፣ በሰኔ 2017 ደግሞ 13.9 በመቶ ነበር። ይህን ወደ ዘንቢል ብንመልሰው፣ በሰኔ 2014 በ100 ብር የሞላ ዘንቢል ከአንድ ዓመት በኋላ ከ129 ብር በላይ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 155 ብር፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ 177 ብር ይጠይቃል። ቁጥሩ በየዓመቱ እየወረደ ዘንቢሉ በየዓመቱ እየተወደደ ሄዷል ማለት ነው። ይህን ስል የፍጥነቱ መቀነስ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ነጋዴ የሚቀጥለውን ወር ዋጋ መገመት የሚችለው ንረቱ ሲረጋ ብቻ ነው። ነገር ግን የቤተሰቡ ገቢ በእነዚያው ሦስት ዓመታት በ77 በመቶ ካላደገ፣ የንረቱ መውረድ የጎደለውን አልሞላለትም።

ሁለተኛው ስህተት በምንዛሪ ለውጥ ላይ የሚፈጸም ሲሆን፣ እንደ ድሬዳዋ ላለ የንግድ ከተማ ከሁሉም የከበደ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ሰሞን «ብር መቶ በመቶ ወደቀ» የሚል ትንታኔ በየቦታው ይነገር ነበር። አንድ ገንዘብ መቶ በመቶ ወደቀ ከተባለ ምንም አይገዛም ማለት ነው። ዶላር ከ57 ብር ወደ 114 ብር ቢገባ፣ የዶላር ዋጋ መቶ በመቶ ጨመረ፣ ብር ደግሞ ከዶላር አንጻር ግማሽ ዋጋውን አጣ ይባላል።

ከስሌቱ ይልቅ የሚበልጠው ግን ዕቃው ቀድሞ በየትኛው ምንዛሪ ይገባ ነበር የሚለውን ሳይጠይቁ መፍረድ ነው። ከለውጡ በፊትም በትይዩ ገበያው፣ ማለትም በጥቁር ገበያው፣ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። ታይዋን ሰፈር ልብስና ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጥ ደንበኛዬ መዝገቡን ሲያሳየኝ የዕቃው ዋጋ የተተመነው በዚያው በትይዩ ገበያው ምንዛሪ ነበር፤ ስለዚህ በባንክ የታየው ለውጥ ለእሱ አዲስ ዜና አልሆነበትም። ነዳጅና በባንክ በተፈቀደ ምንዛሪ የሚገቡ መድኃኒቶች ግን ዝቅ ባለው ዋጋ ይሰሉ ስለነበር፣ ጫናው ያረፈው እነሱ ላይ ነው። እንግዲህ «ምንዛሪው ስለተለቀቀ ሁሉም ነገር እጥፍ ሆነ» የሚለውም፣ «ገበያው ቀድሞ ስለተወደደ ማንም አልተጎዳም» የሚለውም ተንታኝ የተናገረው ስለ ገበያው አንድ ጎን ብቻ ነው። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት በየወሩ የሚገዛ ጡረተኛ ያለበት ቤትና ያ የሌለበት ቤት ለውጡን እኩል አልቀመሱትም።

ሌላው ስህተት ፖሊሲን ሁሉ የውጭ ትእዛዝ አድርጎ ማየት ነው፤ ተቃራኒው፣ ሁሉንም የራሳችን ጥበብ ማድረግም እንዲሁ ስህተት ነው። የዶላር ዋጋ በ1985 ዓ.ም. ከ2.07 ወደ 5 ብር፣ በ2003 ዋዜማ በ20 በመቶ ገደማ፣ በጥቅምት 2010 ደግሞ በ15 በመቶ ገደማ ከፍ እንዲል ተደርጓል። እያንዳንዱ ውሳኔ የውጭ ምንዛሪ እጥረትና የአበዳሪዎች ግፊት ነበረበት፤ መቼና እንዴት ይደረግ የሚለው ግን የአገር ውስጥ ፖለቲካ ነው። በታህሳስ 2016 ኢትዮጵያ ለውጭ ባለሀብቶች ቦንድ ሸጣ የተበደረችውን የ1 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ (ዩሮቦንድ) የ33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ቀረች፤ ከሰባት ወር በኋላ ምንዛሪው ሲለቀቅ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት የሚለቀቅ 3.4 ቢሊዮን ዶላር አጸደቀ። እዚህ ላይ «ገንዘቡ ገባ» ብሎ መስማትም ሌላ ስህተት ነው። ገንዘቡ ብድር ነው፤ የሚሰጠውም በየጊዜው ግምገማ እየተደረገ በክፍልፋይ ነው። በዚያው ሰሞን የዓለም ባንክ ካጸደቀው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ውስጥ ግን 1 ቢሊዮኑ እርዳታ ነበር።

ጫናውን ማን ይሸከም የሚለው የአገር ውስጥ ምርጫ በደመወዝ ላይ ጎልቶ ይታያል። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ፣ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ነው ያደገው። መንግሥት ታችኛውን እርከን መምረጡ ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ተንታኞች «ደመወዝ ተስተካከለ» ሲሉ የድሬዳዋ ፋብሪካ ሠራተኛና የቀን ሠራተኛ ከሂሳቡ ይወጣሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ጭማሪው በተነገረበት ጊዜ ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም።

ግብርን በተመለከተ ባጭሩ ልበል። «ደመወዜ ከፍ ካለ ግብሩ ይበላኛል» ብለው የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚሸሹ ሰዎች አጋጥመውኛል። በ2017 በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር 15 በመቶ፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ብር 20 በመቶ ይከፈላል። ደመወዙ ከ4,000 ወደ 4,100 ብር ያደገ ሰው 20 በመቶ የሚከፍለው በመጨረሻዋ 100 ብር ላይ ብቻ ነው፤ ግብሩ ከ300 ወደ 320 ብር ያድጋል፣ 80 ብሩ ለራሱ ይተርፈዋል።

በነጋዴዎች ዘንድ ደግሞ የብድር ክልከላን ከባንክ ሥራ አስኪያጅ ጋር ወደ ጠብ መቀየር የተለመደ ነው። አንድ ዘመዴ ቤቱን አስይዞ፣ ግምቱም አልቆ፣ ውሉን ሊፈርም በሄደበት ቀን «ጣሪያው ሞልቷል፣ ይጠብቁ» ተብሎ ተመለሰ፤ ወራት ሲያልፉም የሰማው ሌላ መልስ አልነበረም። እሱ ጉቦ ፈልገው ነው ብሎ ደመደመ። ብሔራዊ ባንክ ግን ንረቱን ለመግታት በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ ጣሪያው በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። ለንረቱ መርገብ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የዘመዴ ብድር መቅረት ነው፤ ይህ ሳይነገር ስለ ንረቱ መውረድ ብቻ መናገር ጎዶሎ ትንታኔ ይሆናል።

የመጨረሻው ስህተት «ሕዝቡ ተጎዳ» ወይም «ሕዝቡ ተጠቀመ» ብሎ ሕዝብን እንደ አንድ ሰው መቁጠር ነው። ምርቱ በአወዳይ በኩል ወደ ውጭ የሚላክለት የጫት ገበሬ ዶላሩ በብር ሲመነዘር የተሻለ ሊያገኝ ይችላል፤ ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክለትም እንዲሁ። ሐረር ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚውለው ልብስ ሰፊ ግን ክሩንና ጨርቁን ከውጭ በመጣ ዋጋ ይገዛል፤ ደንበኞቹ ደግሞ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች ስለሆኑ የስፌቱን ዋጋ በዚያው ልክ መጨመር አይችልም። በአንድ ቀን፣ በአንድ ውሳኔ፣ በጎረቤታሞች ቤት የደረሰው ነገር ይህን ያህል ይለያያል፤ ትንታኔ ስሰማ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገውም ተናጋሪው ስለየትኛው ቤት እንደሚናገር ነው።